እናቴ ያየችው መተንፈሻ

የእኔ ሥራ ውሃ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አዲስ አበባ ላይ ምን ባሕር አለና?» ብሎ ነው። ባሕር የለም፤ ግድብ ግን አለ። የግድብ በር አልዘጋ ሲል፣ የውሃ መሳቢያው በደለል ሲደፈን፣ ወንፊቱን ሣርና ግንድ ሲይዘው ወርዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የምሠራበት ድርጅት ቢሮው ጉርድ ሾላ ነው። ጠላቂዎቹ ጥቂት ነን። ሥራ ሲኖር ወደ ክፍለ ሀገር እንወጣለን፤ ሥራ በሌለ ጊዜ ዕቃችንን እናድሳለን።

ከዕቃው ሁሉ የሚያሳስበኝ ሬጉሌተሩ ነው። ጠላቂ በጀርባው የሚሸከመው ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር በኃይል የታመቀ ስለሆነ እንዳለ ወደ አፍ አይለቀቅም። ሬጉሌተሩ ያንን ኃይል በሁለት ደረጃ ይቀንሰዋል። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው ብረት መጀመሪያ ያበርደዋል። ከዚያ አየሩ በጎማ ቱቦ አፍ ላይ ወደሚነከሰው ክፍል ይሄዳል። ይሄኛው ደግሞ ሰውየው አየር ሲስብ ይከፍታል፣ መሳቡን ሲያቆም ይዘጋል። ሲነገር ቀላል ነው። ውስጡ ግን ሞላው፣ የጎማ ቀለበቱ፣ ቀዳዳዋን የምትደፍነው ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ፣ ሁሉም በልኩ ካልተቀመጠ አየሩ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ለመሳብ ይከብዳል።

ይህን ፈትቶ የሚያድስ ሱቅ ከተማው ውስጥ የለም። ቀድሞ ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው እንሰጥ ነበር። ዕቃው ሄዶ እየቆየ ሥራ ሲታጠፍብን አለቃችን እኔን ለአጭር ሥልጠና ላከኝ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የባልደረቦቼንም የማድሰው እኔ ነኝ፤ የማድሰውም ቤቴ ነው። ቢሮው ወርክሾፕ አለው፤ ግን እዚያ ብየዳ አለ፣ ብረት ይሞረዳል፤ ሬጉሌተር ደግሞ ብናኝ አይወድም። ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ኮንዶሚኒየማችን መስኮቷ ከተዘጋ ትሻለዋለች። የምግብ ጠረጴዛችንን ጠርጌ ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬን፣ አጉሊ መነጽሬን እደረድራለሁ። የጎማ ቀለበቶቹን የማወጣው በስቴኪኒ ነው፤ ብረት ይጭራቸዋላ።

እናቴ ከኮምቦልቻ የመጣችው ለዓይኗ ነበር። ግራ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖባት ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ እስኪሽርላትም እኛ ጋ ቆየች። ሐኪሙ አታጎንብሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ አታልቅሺ ብሏት ነበር።

«ለማልቀስማ ምን ምክንያት አለኝ?» ብላው ወጣች።

ስለ ሥራዬ የምታውቀው «የውሃ ሥራ» መሆኑን ብቻ ነበር። እኔ እንደዚያ ብያት፣ እሷ ቧንቧ መስሏት፣ እንደዚያው ቀርቶ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ውሃ በጠፋ ቁጥር «ያንተ ውሃ ዛሬ የት ሄደ?» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም እስቅና አልፈዋለሁ።

ዓይኗ ታሽጎ ሶፋው ላይ በተቀመጠችበት ሳምንት ሰኞ የሚጀመር የግድብ ሥራ መጣልኝ። በዚያው ሰሞን የእኔ ሬጉሌተር ማፏጨት ጀምሮ ነበር። ቤት ሆኜ ላድሰው ፈቃድ ወስጄ ሲሊንደር ይዤ መጣሁ፤ እንዳይወድቅ ከጠረጴዛው አጠገብ በገመድ አሰርኩት። ባለቤቴ ጉርድ ሾላ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እንደ ልማዷ የእጅ ጓንት ይዛልኝ መጣች። እኔም ብረቶቹን ፈትቼ አቼቶ ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው፣ አለቀለቅኳቸውና ጠረጴዛው ላይ እንዲደርቁ አሰጣኋቸው።

እናቴ በጤነኛው ዓይኗ ይህን ሁሉ ስታይ ቆየች።

«ይሄ ብረት ውስጥ ያለው አየር ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አየር ነው።»

«ያለሱ አይሆንም?»

«ያለሱማ እንዴት ይሆናል እማዬ?» አልኳት። እያየሁ የነበረው ካቻቢቴውን እንጂ እሷን አልነበረም።

የተስቢሕ መቁጠሪያዋን አንስታ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ሁኔታዋ ተለወጠ። ጠዋት ከሰላት ስትነሳ የአብሽ ውሃ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ካልዋጥክ ትለኛለች። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዤ ልወርድ ስል በሩ ላይ ቆማ ከለከለችኝና ዘበኛውን ለምና ውሃውን በእሱ አስወጣች። ሬጉሌተሩን ገጥሜ፣ አፌ ላይ አድርጌ ለሙከራ አየር ስስብበት ደግሞ ድምፁን መስማት አቅቷት ተነስታ ትሄዳለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አየዋለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አቧራ ነው።»

እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ክሊኒኩ ስለ ዓይኗ ደስ የማይል ነገር ነግሯት እየደበቀችኝ መሰለኝ። ለባለቤቴ ስነግራት «ለእኔም አልነገሩኝም፤ ግን ትናንት ኩሽና ውስጥ ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ» አለችኝ። ቀጠሮዋ ዓርብ ስለነበር ሐኪሙን ለብቻው ልጠይቀው ወሰንኩ።

የሬጉሌተሩም ነገር አልቀና አለኝ። ቀለበቶቹን ሁሉ ቀይሬ፣ ያችን ፕላስቲክ መድፈኛ በአዲስ ተክቼ፣ ገጥሜ የአየሩን ኃይል የሚለካውን ጌጅ አሰርኩበት። ጤነኛ ሬጉሌተር አየሩ ሲከፈትለት የጌጁ ጠቋሚ ከፍ ትልና ቀጥ ብላ ትቆማለች። የእኔዋ አልቆም አለች። ቀስ እያለች፣ ዓይንን እንደማታለል አድርጋ ወደ ላይ ትሳባለች። ይህ ማለት የሆነ ቦታ ላይ በጥቂቱ እያሾለከ ነው። መለዋወጫዬ ውስጥ የቀረችኝ መድፈኛ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ምክንያቱን ሳላውቅ እሷን ማባከን አልፈለግሁም። ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አፍ ላይ ያፏጫል፤ ከባሰም አየሩ ሳይፈለግ ይንዶለዶላል። ከእኔ ጋር የሚወርድ ባልደረባ አለ፣ ትርፍ መተንፈሻም አለ፤ ቢሆንም ልቤ ያልተቀበለውን ዕቃ ይዤ መውረድ አልችልም። ምግብ አልበላ አለኝ። ፊቴ ላይም ሳይታወቅ አልቀረም።

ሐሙስ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለሠርግ እንኳ ከኮምቦልቻ የማይነቃነቁ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ማር፣ በሌላው አንድ ሐጃጅ ጎረቤታቸው ከመካ ያመጣላቸውን የዘምዘም ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል። ሰላም ሲሉኝ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ።

እናቴ ጠርታቸው ነው የመጡት፤ እናቴ ደግሞ በትንሽ ነገር ሰው አትጠራም።

ሦስታችንም ተቀመጥን። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ አልነኩትም።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ቤተሰብ ያለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።»

«አውቃለሁ አጎቴ» አልኩ። ድምፄ ራሴን ገረመኝ። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«እሱንማ አንተ ንገረን እንጂ።»

«እኔ ምን አውቄ? ለእኔ የነገረችኝ ነገር የለም።»

አጎቴ ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ እኔን አየችኝ።

«እኔ ምን ልነግርህ ነው?» አለች።

«የዓይንሽን ነዋ። ለምን ትደብቂኛለሽ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? ዓይኔማ አልሐምዱሊላህ፣ ጠብታ ሳደርግ ስከፍተው የማዶውን ፎቅ ልብስ ማስጫ ሳይቀር አያለሁ። እኔ የማለቅሰው ላንተ ነው።»

«ለእኔ?»

በአገጯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሬጉሌተርና አጠገቡ የታሰረውን ሲሊንደር አሳየችኝ። «ለሳንባህ።»

እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ግን ከጀመረች ወዲህ ማቆም አልቻለችም። በኮሮናው ጊዜ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ብረት አልጋው ሥር አቁሞ፣ እንዲህ ያለ ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ሲሰቃይ አስታማዋለች፤ መጨረሻውንም አይታለች። የእኔን ሲሊንደር ስታይ የታያት እሱ ነው። ጓንቱ የሐኪም ቤት ጓንት ነው፤ ከፋርማሲ ነው የመጣው። አቼቶው የሸተታት እንደ ሐኪም ቤት ወለል ነው። ትንፋሼን ስስብ የሚሰማው ሹክሹክታ ያው የጎረቤታችን ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ያለሱ አይሆንም ወይ ስትለኝ፣ እንዴት ይሆናል ብያታለሁ።

«ሚስትህንም ጠይቄአታለሁ» አለች። «ይሄ ነገር ከጀመረው ቆየ ወይ ብላት፣ ከመጋባታችን በፊት ነው፣ አንዳንዴ እፈራለሁ፣ ግን ለምደነዋል አለችኝ። እኔ እናቱ ሳላውቅ እሷ ለመደችው።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«እማዬ፣ አልታመምኩም።»

«የታመመ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እውነቴን ነው። ይሄ የሥራ ዕቃ ነው። ውሃ ሥር ወርጄ ስሠራ የምተነፍስበት ነው።»

አጎቴ «ውሃ ሥር?» አሉ።

በቃል እንደማያምኑኝ ስለገባኝ ስልኬን አወጣሁ። ባልደረባዬ ባለፈው ሥራ ላይ የቀረጸኝ ቪዲዮ ነበር። ጥቁሩን የጎማ ልብስ ለብሼ፣ ሲሊንደሩን ተሸክሜ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ስገለበጥ ይታያል፤ ከዚያ አረፋ ብቻ። እናቴ ስልኩን ወደ ጤነኛው ዓይኗ አስጠግታ አየች። አረፋው ሲረዝምባት እጄን ያዘችኝ። ጭንቅላቴ ብቅ ሲል፣ እኔ ካሜራውን አይቼ ስስቅ፣ እጄን ለቀቀችው።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህን ያህል ትስቃለህ ማለት ነው?»

«እስቃለሁ።»

«ሳንባህ?»

«ሳንባዬን በየጊዜው ያዩልኛል። ጤነኛ ካልሆነ ውሃ ውስጥ አያስገቡኝም።»

አልሐምዱሊላህ አለች። ደጋገመችው። እንባዋ ወረደ፤ አታልቅሺ ተብለሻል ብላት «ይሄ ሌላ ነው፣ ይሄ አይጎዳም» አለችኝ። አጎቴ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። እኔም ያኔ ነው ለራሴ ማሰብ የቻልኩት፤ ዓይኗ ደህና ነው፤ የደበቀችኝ ነገር የለም። ከትከሻዬ ላይ አንድ ጀሪካን የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ሰሞኑን ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንፈራ ከርመን፣ የታመመ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ድንገት ቀና አለች።

«ቆይ፤ ውሃ ሥር ትገባለህ ማለት ነዋ?»

«እገባለሁ።»

«እዚያ ሆነህ ይሄ ነገር እንቢ ቢልስ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት አጎቴ ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ሄደው ነበር። ሬጉሌተሩን ሳይነኩ ዞር ዞር ብለው አዩት፤ የታመቀውን አየር እንዴት እንደሚቀንስ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ይሄ የመኪና ንፋስ ማለት ነው» አሏት። «እኔ ያንን ሁሉ ቁልቁለት የወረድኩት በምን ይመስልሻል? ፍሬኑን የሚይዝልኝ በጋን ውስጥ የታመቀ አየር ነበር። እሱ ቢከዳኝ ገደል ነው። በወጣሁ ቁጥር ዱዓ ታደርጊልኝ ነበር፤ አትሂድ ብለሽኝ ግን አታውቂም።»

«ያ መኪና ነው ጋሼ።»

«ይሄም ውሃ ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ይሄ ደህና ነው? ሰኞ ይዘኸው ትሄዳለህ?» አለችኝ።

ልዋሻት አልፈለግሁም። «ደህና አይደለም» አልኳት። የሲሊንደሩን ቁልፍ ከፍቼ ጌጁን አሳየኋት። ጠቋሚዋ ወጣች፤ የቆመች መሰለች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ መሳብ ጀመረች። «ቀጥ ብላ መቆም ነበረባት። ምን እንደሆነች አላወቅሁም። ሰሞኑን ያልበላሁት በዚህ ነው።»

«ታዲያ ፍታውና ፈልግ» አለች። «እኛ አለን።»

አየሩን አስወጥቼ ፈታሁት። ያን ብረት ስንት ጊዜ ብቻዬን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እናቴና አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል፤ እጄ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ተረጋግቶ ነበር። መድፈኛዋን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር መስኮቱ ጋ አየኋት። ጭረት የለም። አገላበጥኳት። ጠርዟ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ከጸጉር የቀጠነ፣ ነጭ። በስቴኪኒ ሳነሳው ክር ሆነ። ብረቱ ዝግ ሲል ይህቺ ክር መሐል እየገባች አላስገጥም ስትለው ነው የከረመችው።

«ነጭ ክር» አልኩ። «ከየት መጣ? እኔ ጨርቅ አላስጠጋም።»

እናቴ ነጠላዋን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ጠዋት ሳትነሳ አቧራ እንዳይገባብህ ብዬ ብረቶቹን በነጠላዬ እጠርግልህ ነበር። አንድ በአንድ። የምትተነፍስበት ነው ብዬ።»

መናደድ አልመጣልኝም። የመጣልኝ እፎይታ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ውሃ ውስጥ ድረስ አብሮህ ይወርዳል፤ ይሄ ግን ታወቀ፤ የእናቴ ነጠላ ክር ነው። ስቄ አቀፍኳት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ «ልገድልህ ነበር እኮ» እያለች ነጠላዋን ወደ ኋላዋ አሸሸች። እንዳልሆነ፣ ጌጁ ቀድሞ እንደነገረኝ፣ ጠቋሚዋ እንዲያ እየተሳበች ዕቃውን ይዤ ልወርድ እንደማልችል አስረዳኋት።

ሁሉንም እንደ ገና አጠብኩ፤ በአየር ነፍቼ አደረቅኩ፤ የቀረችውን አዲስ መድፈኛ አስገባሁ። ለቀለበቶቹ የሲሊኮን ግራሶ በጣት ጫፍ ቀባሁ። ገጠምኩና የሲሊንደሩን ቁልፍ ቀስ አድርጌ ከፈትኩ። ጠቋሚዋ ወጣች። ቆመች። ሦስታችንም ጌጁ ላይ አጎነበስን፤ እናቴ ማጎንበስ እንደተከለከለች ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

«ቆመች» አለች።

«እስቲ እንያት።»

አዲስ ሻይ አፍልተን ጠጣን። ስናያት እዚያው ናት። አጎቴ ስለ ድሮ መንገዶች ተርከውልን ስናያት እዚያው ናት።

ከዚያ አፍ ላይ የሚነከሰውን ክፍል አስተካከልኩ። ይሄኛው የሚስተካከለው በጆሮ ነው። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማፏጨት እስኪጀምር ታላለታለህ፤ ከዚያ ፉጨቱ እስኪጠፋ ጥቂት በጥቂት ታጠብቃለህ። ከልክ ካለፈ ለመሳብ ይከብዳል። ጨርሼ አየር ሳብኩበት፤ እንደ ራሴ ትንፋሽ ቀለለኝ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ነከርኩት፤ አንድም አረፋ የለም። እናቴ ውሃው እንዳይደፋ፣ ለመጸዳጃ እንደሚሆን አሳሰበችኝ።

አጎቴ ልሞክረው አሉ። አፉን አጥቤ ሰጠኋቸው። በአፍንጫዎ አይተንፍሱ ስላቸው አፍንጫቸውን በጣታቸው ያዙና ሳቡ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ደግመው ሳቡ። «ጠጅ ነው» ብለው መለሱልኝ፤ ከዚያ እሳቸው ጠጅ እንደማይቀምሱ ትዝ ሲላቸው «ማለቴ፣ ማር ነው» አሉ። እናቴ እጇን ዘረጋች። ሶፋው ላይ ተደላድላ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደግፋ ነከሰችው።

ባለቤቴ ከሥራ የገባችው በዚያች ቅጽበት ነው። አማቷ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ ቱቦ ነክሰው ከሲሊንደር ይተነፍሳሉ፤ ከኮምቦልቻ የመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆመዋል።

«እማማ ምን ሆኑ?» አለች፤ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

እናቴ ከአፏ አወጣችው። «ምንም አልሆንኩም ልጄ። ባልሽ ደህና ነው።»

ነገሩን ከመጀመሪያው እስክንነግራት ባለቤቴ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ለምደነዋል» ያለችው ላይ ስንደርስ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያኔ ነው እናቴም የሳቀችው።

ዓርብ ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ በጥሩ ሁኔታ ሽሯል አለ። መቅላቱን ጠይቆ «አልቅሰሻል እንዴ?» ሲላት «አጎንብሼም ነበር» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። አጎቴ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሱ። ዘምዘሙን ግን አልወሰዱትም፤ «ውሃ ለሚገባ ሰው ውሃ አይከለከልም» ብለው ጠረጴዛው ላይ ተዉልኝ።

ሰኞ ወረድኩ። ግድቡ የቀይ አፈር አገር ግድብ ስለሆነ ጥቂት ዝቅ ሲሉ ብርሃኑ ይጠፋል፤ እጅን እንኳ ማየት አይቻልም፤ የምትሠራው በመዳሰስ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚሰማህ የራስህ ትንፋሽ ብቻ ነው። የወንፊቱን ብረቶች አንድ በአንድ እየዳሰስኩ፣ ሣሩን እየነቀልኩ፣ አየሩ ስስብ ይመጣል፣ ሳቆም ይቆማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሬጉሌተሩን ማዳመጤን ረሳሁት። በእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ወጥቼ፣ ልብሱን እንኳ ሳላወልቅ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩላት። ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም። ጭቃ ነው።»

ከበስተኋላዋ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል፤ የኮንዶሚኒየሙ ቧንቧ መጥቶላቸዋል ማለት ነው።

«ይሄ ሁሉ ለጭቃ ነው እንዴ?» አለችኝ። «በል፣ ብርድ ሳይመታህ ልብስህን ቀይር።»